ስለ ኢ-ኢንክ መጻፊያና ስለ ፊደላችን

ኢ-ኢንክ ገጽ ያለው መሣሪያ በፀሐይ ብርሃን በደንብ ይነበባል፤ ኤሌክትሪክ የሚፈጀውም ይበልጡን ገጹ ሲለወጥ ነው። ስለዚህ ከቁልፍ ሰሌዳ ጋራ ተገናኝቶ ለጽሕፈት እጅግ የተመቸ መሆኑ ይነገርለታል። ምስጋናው ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን የተመዘነው በላቲን ፊደል ነው።

በላቲን አንድ ቁልፍ ሲመታ አንድ ፊደል ይወጣል። በተለመደው የአማርኛ አመታት ግን «ሰላም» ብሎ ለመጻፍ አምስት ቁልፍ ያስፈልጋል፤ በመጀመሪያ «ስ» ይታይና ጠፍቶ «ሰ» ይሆናል፤ «ል»ም እንዲሁ ለ«ላ» ቦታውን ይለቃል። የቀድሞው የአማርኛ የጽሕፈት መኪና በፊደሉ ላይ ምልክት ይጨምር ነበር እንጂ የጻፈውን አያጠፋም ነበር። በኢ-ኢንክ ገጽ ግን ፊደል የሚለወጠው ጥቁርና ነጭ ቅንጣቶች ቦታ ሲቀያየሩ ስለሆነ መሰረዙ ይዘገያል፤ ጥላም ይተዋል። ፈጣን ማደሻ ያላቸውም ቢሆኑ ፍጥነቱን የሚያገኙት ጥላውን በማብዛት ነው።

እንግዲህ ገዢው ሁለት ነገር ይመርምር፤ አንደኛ፥ መሣሪያው እንደ ቡክስ በአንድሮይድ የሚሠራና የአማርኛ መጻፊያ የሚጫንበት መሆኑን፤ ሁለተኛ፥ ከቁልፍ ሰሌዳው ጋራ አንድ ሙሉ የአማርኛ አንቀጽ በፍጥነት ጽፎ ዓይኑ ከጣቱ ኋላ አለመቅረቱን። ፊደላችንን የማይቀበል መሣሪያ፥ የቱንም ያህል ቢያምር፥ ለአማርኛ ጸሐፊ መጻፊያ ሊባል አይገባውም።