«ጆን ኪው»፦ ልቡን የሰጠችው ሴት የት ሄደች?

ዴንዘል ዋሽንግተንን የምትወዱ ከሆነ «ጆን ኪው»ን ሳታዩት አትቀሩም። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ፣ ኒክ ካሳቬትስ ያዘጋጀው ፊልም ነው። ጆን የፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ ትንሹ ልጁ ቤዝቦል ሲጫወት ይወድቅና «ልቡ መቀየር አለበት» ይባላል። ኢንሹራንሱ አይሸፍንም። ሆስፒታሉ ደግሞ ልጁን ተጠባባቂዎች ዝርዝር ውስጥ ለማስገባት ብቻ 75,000 ዶላር ይጠይቃል። አባት ሽጉጥ ይዞ ድንገተኛ ክፍሉን ያግታል።

ስለ ገንዘቡ ፊልሙ እውነቱን ነው። አሜሪካ ውስጥ የመክፈል አቅም ሳይታይ ልብ ወደመጠበቅ ወረፋ መግባት ከባድ ነው፤ ቁጣውን እጋራለሁ። የከነከነኝ ሌላ ነገር ነው።

ጆን ራሱን ገድሎ ልቡን ለልጁ ሊሰጥ ይወስናል። እዚህ ጋ የደም ዓይነት መስማማቱ ብቻ አይበቃም፤ የልብ መጠንም ይታያል። ያንን የሚያህል ሰውዬ ልብ በትንሽ ልጅ ደረት ውስጥ ማስገባት... እሺ፣ ፊልም ነው ብለን እንለፈው። ሐኪሙን ግን አላልፈውም። ዶክተር ተርነር መጀመሪያ «አይሆንም» ይላል፣ በኋላ ግን ይስማማል። እኛም እንባችንን እየጠረግን አብረነው እንስማማለን። በሕክምና ሥነ ምግባር ግን ማንም ለልቡ ሲባል አይሞትም። መጀመሪያ ሞቱ ይረጋገጣል፤ ያውም በንቅለ ተከላው ቡድን ውስጥ በሌሉ ሐኪሞች። ሰዎች አካላቸውን ለመለገስ ከሚያመነቱባቸው ምክንያቶች አንዱ እኮ «ሳልሞት ይቸኩሉብኛል» የሚለው ፍርሃት ነው። ሕጉ የቆመው ይህን ፍርሃት ለመመለስ ነው፤ ፊልሙ ግን ሕጉን መጣስ ጀግንነት አድርጎ ያሳየናል።

ከዚያ በመጨረሻው ሰዓት የሚስማማ ልብ ተገኘ! የማን? ፊልሙ ሲጀምር በመኪና አደጋ የሞተችው ሴት ልብ። ማን አለቀሰላት? ቤቷ ማን ይጠብቃት ነበር? ፊልሙ ግድም የለው። ልቡ እንደ ዕቃ ተጭኖ ይመጣል፣ እኛም እናጨበጭባለን።

እስቲ ከእውነተኛው ታሪክ ጋር አስተያዩት። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 3 ቀን 1967 ኬፕ ታውን ውስጥ ክርስቲያን ባርናርድ የመጀመሪያውን ከሰው ወደ ሰው የልብ ንቅለ ተከላ ሲያደርግ፣ ልቡ የ25 ዓመቷ ዴኒዝ ዳርቫል ነበር። እሷንም መኪና ነው የገጫት፤ እናቷ እዚያው ሞታለች። አባቷ ኤድዋርድ ሚስቱን ባጣበት ቀን ስለ ልጁ ልብ ተጠየቀና «እሺ» አለ። ኩላሊቷ ለአንድ የ10 ዓመት ልጅ ተሰጠ፤ ልጁ ነጭ አልነበረም፣ ዘመኑም የአፓርታይድ ነበር። ልቡን የተቀበለው ሉዊስ ዋሽካንስኪ የኖረው 18 ቀን ብቻ ነው። እኔ ማየት የምፈልገው ፊልም የዚህን አባት ነው፤ ምንም ዋስትና ሳይኖረው የሰጠውን።

እኛ ጋ በ2008 ዓ.ም. ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የጀመረው የኩላሊት ንቅለ ተከላ በሕይወት ባሉ ዘመዶች ልገሳ ላይ የተመሠረተ ነው። ሰጪው አብሮን ማዕድ የሚቀርብ ወንድም ወይም እህት ስለሆነ ከካሜራ ውጪ ማድረግ አይቻልም። (ታዲያ እህት «እኔ አልችልም» ማለት ትችላለች? ይህም ራሱን የቻለ ፊልም ይወጣዋል።)

«ጆን ኪው»ን ደግማችሁ ካያችሁት የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች አትዝለሉ። ሴትዮዋ እዚያ ናት፣ መኪናዋን እየነዳች።