ከማፍረሳችን በፊት፦ ስለ ላስታ የድንጋይ ቤት

እህቶቼ፣ እዚህ ነሲም ስንገናኝ ከደሞዝ ቀጥሎ የምናወራው አገር ቤት ስለምንሠራው ቤት ነው። የሁላችንም ሕልም አንድ ዓይነት ነው፤ ብሎኬት፣ ቆርቆሮ፣ የብረት በር። የድሮው የድንጋይ ቤት ግን «ይፍረስ» ተብሎ በስልክ ይታዘዝበታል። እኔ ዛሬ ለዚያ ቤት ልከራከርለት ነው።

የላስታ ልጅ ነኝ። ያላያችሁት ካላችሁ፣ የላሊበላ ዙሪያ ነባሩ ቤት ክብ ነው፣ ባለ ደርብ ነው። ግድግዳው የአገሩ ቀይ ድንጋይ በጭቃ እየተያያዘ የተካበ፣ ክዳኑ ሣር ነው። ከታች ከብት ያድራል፤ ሰው በውጭ ደረጃ ወጥቶ ከላይ ይተኛል። የከብቱ ሙቀት ለሰው ይተርፋል። ወፍራም ግድግዳ የቀኑን ፀሐይም የሌሊቱን ብርድም ቶሎ አያሳልፍም። ቆርቆሮ እኮ ቀን ይጋግራል፣ ሌሊት ያንቀጠቅጣል፣ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ሰው ከሰው አያነጋግርም።

ግን ማሞገስ ብቻ አይሆንም። በዚያ ደረጃ ውኃ ተሸክማ የምትወጣው ሴት ናት። ጭሱም ዓይን የሚያጠፋው የእሷን ነው። ሣሩ በየጊዜው ይለወጣል፣ እሳትም ያሰጋል። ፎቶ አንስቶ የሚሄድ እንግዳ ይህን አያይም።

የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። በኋላ በዙሪያቸው ይኖር የነበረው ሕዝብ ወደ ሌላ ሰፈር እንዲነሣ ተደረገ፤ ከደርብ ቤቶቹ አንዳንዶቹ ለማሳያ ቀሩ። ሰው የሌለበት ቤት ምን ቤት ነው? የሣር ክዳን እንኳ ከታች ጭስ ካላገኘ ተባይ ይበላዋል።

እዚህም ያው ነው። በ2010 በቅርስነት የተመዘገበው የዲርዒያው ጡረይፍ በጭቃ ጡብ የተሠራ ነው። ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቱ ጠባብ፣ አየር የሚገባው በትንንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን ቀዳዳ። የልጆች እጅ ይዤ ዞሬዋለሁ፤ ያምራል። ግን የሚያድርበት የለም። የዛሬው ሰው የሚኖረው ሲሚንቶ ውስጥ በመከይፍ ነው፤ መከይፉ ሲበላሽ ሰጥህ ላይ ያለችው የሠራተኛ ክፍል ምን እንደምትሆን የቀመሰች ታውቀዋለች። የአያቶቻቸው ጥበብ ለጎብኚ ቀረ፣ ሙቀቱ ለእኛ።

ስለዚህ እኔ የምለው፣ ቤቱ ቅርስ ሆኖ ባዶውን ይቁም አይደለም፤ ፈርሶ ቆርቆሮ ይተካም አይደለም። ይታደስ። ግድግዳው ይቆይ፣ ከብቱ ለብቻው በረት ይሠራለት፣ መስኮት ይከፈት፣ ማድ ቤቱ ጭስ መውጫ ይኑረው፣ ውኃ ማጠራቀሚያ በር ድረስ ይምጣ። ድንጋዩ እዚያው አለ፤ ግንበኛውም ገና አልጠፋም፣ ሥራ ካጣ ግን ሙያው አብሮት ይቀበራል። እናቶቻችንንም እንጠይቃቸው። ብሩን የምንልከው እኛ ብንሆንም ቤቱ ውስጥ የሚያድሩት እነሱ ናቸው።