ስለ ተጫዋች ፊደል

ልብስ የለባሹን ሁኔታ አስቀድሞ እንደሚናገር ሁሉ፣ የፊደልም ቅርጽ ቃሉ ገና ሳይነበብ የቃሉን ጠባይ ይገልጣል። ለሠርግ የተሰፋው ልብስ ለለቅሶ አይለበስም፤ ለልጆች ጨዋታ የተሣለው ፊደልም ለፍርድ ውሳኔ አይስማማም። ኮሚክ ሳንስ የተባለው ክብ ክብ የላቲን ፊደል ብዙ የተወደደና ብዙ የተነቀፈ ስለ ሆነ፣ ለዚህ ነገር ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል።

ፊደሉን የሣለው በማይክሮሶፍት ኩባንያ ይሠራ የነበረው ቪንሰንት ኮኔር ነው። ይኸው ሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1994 ዓ.ም. ለጀማሪዎች በተዘጋጀ አንድ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ላይ፣ በሥዕል የተሠራ ውሻ ሲናገር ንግግሩ ታይምስ ኒው ሮማን በተባለው የጋዜጣ ፊደል ተጽፎ አየ። ውሻ እንደ ጋዜጣ አዘጋጅ መናገሩ አላማረውምና፣ በሥዕል የሚተረኩ መጻሕፍትን የእጅ ጽሕፈት ተመልክቶ አዲስ ፊደል ሣለ። ሥራው ለዚያ ፕሮግራም ሳይደርስ ቢቀርም፣ በ1995 ዓ.ም. ከዊንዶውስ 95 ተጨማሪ ጥቅል ጋር ወጥቶ በየቢሮውና በየትምህርት ቤቱ ተሠራጨ።

እንግዲህ ፊደሉ የተወለደው ተናጋሪውና አነጋገሩ ይስማሙ ከሚል ትክክለኛ አሳብ ነው፤ ነቀፌታው የመጣው ግን ተጠቃሚዎቹ ይህንኑ አሳብ በመዘንጋታቸው ነው። በጁላይ 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሰርን በተባለው የአውሮፓ የምርምር ማዕከል የሂግስ ቦዞን ግኝት ሲገለጥ፣ ከማብራሪያዎቹ አንዱ በዚህ ፊደል ተጽፎ ቀረበ። ስለ ታላቁ ግኝት በሚነገርበት ሰዓት ብዙዎች ስለ ፊደሉ ይሣለቁ ጀመር። ይሁን እንጂ ነቀፌታውን ሁሉ አንቀበልም። ንባብ ለሚከብዳቸው ሰዎች የሚቆመው የብሪታንያ ማኅበር፣ ፊደሎቹ ተጨናንቀው ስለማይታዩ ኮሚክ ሳንስን ለንባብ ከሚመቹት ጋር ቆጥሮታል። ጥፋቱ የፊደሉ ሳይሆን ያለ ቦታው ያዋለው ሰው ነው።

ወደ ራሳችን ፊደል ስንመለስ ነገሩ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በላቲን ፊደል የመስመርን ጫፍ ማድቦልቦል ጌጥ ብቻ ነው፤ በእኛ ፊደል ግን በጫፍ ያለችው ክብ ድምፅ ለዋጭ ናት። «ሂ» እና «ሄ» የሚለያዩት ከግርጌ በምትቀጠለው ምልክት ነው። ሣዩ ለውበት ሲል የ«ሂ»ን ምልክት ቢያድቦለቡላት፣ «ሂዱ» የሚለው ትእዛዝ «ሄዱ» የሚል ወሬ ይሆናል። ጨዋታው ቃሉን ከለወጠ ጨዋታ መሆኑ ቀርቶ ስሕተት ሆነ ማለት ነው።

ስለዚህ ተጫዋች ፊደል ለልጆች መጽሐፍ ርእስ፣ ለበዓል ጥሪና ለሱቅ ሰሌዳ ይሣል እንላለን፤ ጥቂት ቃል በጉልህ በሚጻፍበት ቦታ ዓይንን ይስባል፣ ልብንም ያስደስታል። ረጅም ንባብ፣ ደንብና ማስታወቂያ ግን ለረጋው ፊደል ይተው። አዲስ ፊደል የሚሥል ወጣትም ሥራውን ከማውጣቱ በፊት «ሂዱ» እና «ሄዱ» ብሎ ይጻፍና፣ ማንበብ ገና የጀመረ ልጅ ሳይሳሳት ይለያቸው እንደ ሆነ ይፈትን። ልጁ ከለያቸው፣ ፊደሉ የፈለገውን ያህል ቢጫወት አንቃወምም።