ገና ወልድያ ላልደረሰ ሰው

ወልድያ ላይ ድረ ገጽ እንድሠራለት የሚፈልግ የሆቴል ባለቤት ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያሳየኝ የሕንጻውን ፎቶ ነው። እኔ ግን «ጋሼ፣ ሰሞኑን ያደሩት እንግዶች ከየት መጡ? ወዴትስ ሄዱ?» እላለሁ። የከተማው ሰው ሆቴሉን ያውቀዋል። ድረ ገጹን የሚከፍተው ገና ያልደረሰው ነው።

ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የነዳ ሾፌር የሚያስበው ስለ መኪናው ማደሪያ ነው፤ ግቢው ዘበኛ አለው? በሩ እስከ ስንት ሰዓት ይከፈታል? ለእሱ ከሕንጻው ይልቅ ከዋናው መንገድ የሚታየውን በር ፎቶ አስቀድማለሁ። ዋሽንግተን ሆኖ ለእህቱ ሠርግ እንግዶች ክፍል የሚይዝ ወንድም ደግሞ ቀብዱን በምን እንደሚልክና ማን እንደሚያረጋግጥለት ይጠይቃል።

ብዙ የምደክመው ለቀንና ለሰዓት ነው። በገና ሰሞን በጋሸና አድርጎ ላሊበላ የሚሄድ መንገደኛ ወልድያ ያድራል። የእኛ ሰው «ታኅሣሥ 27፣ ማታ 2 ሰዓት እደርሳለሁ» የሚለውን የውጭው እንግዳ ጃንዋሪ 5፣ 20 ሰዓት ብሎ ይጽፋል። በዘመነ ዮሐንስ ገና ታኅሣሥ 28 ስለሚውል ያው ጃንዋሪ 5 ታኅሣሥ 26 ይሆናል። በልቡ ያሰላ ሰው በአንድ ቀን ይስታል፤ በዚያ ሰሞን አንድ ቀን መሳት ደግሞ ማደሪያ ማጣት ነው። ስለዚህ ክፍል በሚያዝበት ገጽ ሁለቱንም አቆጣጠርና ሁለቱንም ሰዓት ጎን ለጎን አደርጋለሁ።

ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ያለ ሰው ገጹን ይከፍት ነበር፤ የሚሞላውን ቅጽ ግን እዚህ ሆኖ የሚያነብለት አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ሲነኩት የሚደውል ስልክ ቁጥር ከሁሉ በላይ፣ በጉልህ ይቀመጣል።

ሥራውን ሳስረክብ ከባለቤቱ ይልቅ ከእንግዳ ተቀባይዋ ጋር ረዘም አድርጌ እቀመጣለሁ፤ ሰው ምን እንደሚጠይቅ የምታውቀው እሷ ናት። አሁን ደጋግመው የሚጠይቋት «መንገዱ ክፍት ነው ወይ?» እያሉ ነው። ነገሩ በሰዓታት ውስጥ ስለሚለዋወጥ መልሱን ገጹ ላይ አልጽፍም፤ የተሳሳተ ተስፋ ሰው መንገድ ላይ ያስቀራል። ከቁጥሩ ሥር ግን «ከመነሳትዎ በፊት ስለ መንገዱ ደውለው ይጠይቁን» የሚል አስፍሬያለሁ፤ እሷም ጠዋት ጠዋት ከመናኸሪያ ትጠይቃለች።