እናትነትና ቅዱስ ዘንዶ በኢግቦ ልብ ወለዶች

በደቡብ ምሥራቅ ናይጄሪያ የሚኖረውን የኢግቦ ሕዝብ ነባር እምነት ለመምህራን ከሚያስተዋውቁ ድርሰቶች መካከል የቺኑዋ አቼቤ ልብ ወለዶች ከፍ ያለ ስፍራ አላቸው። ከነዚህ ድርሰቶች ተነሥቶ እናትነትና ዘንዶ የአንድ ሐሳብ ሁለት መልኮች ናቸው ብሎ መደምደም ቀላል ነው። በጥሞና ሲመረመሩ ግን ጉዳዩ ከዚህ የረቀቀ ሆኖ ይገኛል።

አላ ወይም አኒ የምትባለው የምድር አምላክ ሰብልንና ልደትን ትሰጣለች፤ ሙታንን ትቀበላለች፤ የሥነ ምግባርን ሕግ ታስከብራለች። በኦዌሪ አካባቢ ለክብሯ ይሠሩ በነበሩት ምባሪ በተባሉ የጭቃ ቤቶች ውስጥ ከልጅዋ ጋር ተቀርጻ ትታይ ነበር። አቼቤ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው «ነገር ሁሉ ሲፈራርስ» በተሰኘው ልብ ወለድ ኃይለኛው ኦኮንክዎ በሰላም ሳምንት ሚስቱን በመደብደቡ የምድር አምላክ ካህን ይቀጣዋል፤ ኋላም ሳያስበው የጎሣውን ሰው በመግደሉ ለሰባት ዓመት ወደ እናቱ አገር ይሰደዳል። በዚያም አጎቱ ኡቼንዱ «እናት የበላይ ናት» የሚል ትርጉም ያለው ኔካ የተባለው ስም ለሴት ልጅ ለምን እንደሚወጣ ያስረዳዋል። እንግዲህ በዚህ ድርሰት እናትነት የጉልበት ልጓምና የተሰደደ ሰው መጠጊያ ነው።

የዘንዶው ነገር ከዚህ ይለያል። በዚሁ መጽሐፍ ዘንዶው ከውሃ አምላክ ጋር የተዛመደ ሲሆን የሚጠራውም «አባታችን» ተብሎ ነው፤ ሳያውቅ የገደለው ሰው ማስተስረያ አቅርቦ እንደ ታላቅ ሰው ሊቀብረው ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1964 በወጣው «የአምላክ ፍላጻ» ውስጥ ኦዱቼ የተባለው የሚሲዮን ተማሪ ዘንዶውን በሣጥን ሲቆልፍበት፣ ድርጊቱ የኡሉንና የኢደሚሊን ካህናት ጠብ ያባብሳል። ኢደሚሊ ራሷ፣ የኃያልነትን ዐመፅ ለመግታት የተላከች የልዑል አምላክ ሴት ልጅ ሆና በግልጽ የምትቀርበው ደራሲው እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው «የሳቫና ኩይሳዎች» ነው። ምልክቱ እንግዲህ ከአንዱ ድርሰት ወደ ሌላው ይለዋወጣል።

የመጀመሪያው ልብ ወለድ ለእናትነት የሚሰጠው ክብር የራሱን ተቃርኖ አይሸሽግም፤ መንትዮች በጫካ የሚጣሉት ምድርን ያስቀይማሉ ተብሎ ነውና። ይህን ተቃርኖ ከሴቷ በኩል የምታሳየን ፍሎራ ንዋፓ ናት። እ.ኤ.አ. በ1966 በታተመው «ኤፉሩ» ውስጥ የሐይቅ አምላክ የሆነችው ኡሃሚሪ ለተከታዮቿ ሀብትና ውበት ትሰጣለች፤ ልጅ ግን አትሰጥም። አንድያ ልጅዋን በሞት ያጣችው ኤፉሩ የዚህች አምላክ ምርጥ መሆኗ፣ የሴት ክብር በመውለድ ብቻ ይለካልን የሚለውን ጥያቄ ያስነሣል።

መምህሩ ዘንዶውን ለተማሪዎች እንደ ባዕድ አምልኮ ማስደነቂያ አድርጎ ቢያቀርበው ከድርሰቶቹ የሚገኘው ትምህርት ይባክናል። ይልቁንስ ክልከላው ማንን ይገታል፣ ማንን ይጠብቃል፣ ማንንስ ያለጠባቂ ይተዋል ብሎ ቢጠይቅ፣ ተማሪው የሌላውን ሕዝብ እምነት ከማክበር ጋር መመርመርንም ይለምዳል።