እንግዳዋ ሥዕል እንዴት ቤተኛ ሆነች?

«ይህ የእኛ ነው፤ ያኛው ከውጭ የተቀዳ ነው» የሚለው የችኮላ ፍርድ በጎንደር ዘመን ሥዕል ፊት አይጸናም። በሮም፣ በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን የምትገኘውን ሥዕለ ማርያም እንዲያስቀዱ እ.ኤ.አ. በ1569 የተፈቀደላቸው ኢየሱሳውያን ቅጂዋን ኢትዮጵያ አደረሱ። ዐፄ ፋሲለደስ በ1630ዎቹ ሚስዮናውያኑን ሲያባርሩ ሥዕሏ ግን ቀረች።

ሠዓሊዎቻችን ከእርሷ ምን ወሰዱ? የተደራረቡትን እጆች፣ በግራ እጅ የተያዘውን መሐረብ፣ መጽሐፍ የያዘውን ሕፃን። በመጀመሪያው የጎንደር ስልት የፊቷን ጥላ ትተው በደማቅ፣ ወጥ ቀለም ተኩት። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በነበረው በፍሬ ጽዮን ሥራዎች የምናውቃቸው፣ ሰይፍ የያዙት ሚካኤልና ገብርኤልም እንግዳዋን ከቀኝና ከግራ አጀቧት። የሮሟ ሥዕል በዚህ መንገድ ወደ ቀድሞው የምስለ ፍቁር ወልዳ ሥርዓት ገባች።

ዛሬ ትላልቅ ዓይኖችን ከጥንቱ ገልብጦ በሸራ ላይ ማስፈር ብቻውን «ኢትዮጵያዊ ስልት» ሲባል እንሰማለን። የጎንደሩ ሠዓሊ የባዕዱን ወስዶ የራሱን ሠርቷል፤ ይህኛው ግን የአያቶቹን ወስዶ ምንም አልጨመረበትም። ስለዚህ በአንድ ሥዕል ፊት ስንቆም ከየት እንደተወሰደ ብቻ ሳይሆን ሠዓሊው ምን እንደተወና ምን እንዳከለም እንጠይቅ።