ሰይፉ ከወደቀ በኋላ

የወጣቶች ክፍላችን ልጆች ስለ አኒሜ ሲያወሩ «ቪንላንድ ሳጋ» ከተነሣ ክርክር አይጠፋም። ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣውን የመጀመሪያውን ሲዝን ይወድዳሉ፤ የ2023ቱን ግን «ይንቀረፈፋል» ብለው ጥለውታል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

በመጀመሪያው፣ ቶርፊን አባቱን ካስገደለው ከአስኬላድ ጋር እየኖረ የበቀሉን ቀን ይጠብቃል። ታሪኩ በቀልን ይነቅፋል፤ ሥዕሉ ግን ውጊያውን እያሳመረ ያሳያል። ሳናውቀው ለሰይፉ እናጨበጭባለን። ድካሙ ይህ ነው።

በሁለተኛው አስኬላድ በሌላ ሰው እጅ ሞቷል። ቶርፊን ባሪያ ሆኖ ከኤይናር ጋር ዴንማርክ ውስጥ ደን ይመነጥራል፣ ጉቶ ይነቅላል፣ ስንዴ ይዘራል። ሌሊት የገደላቸው ሰዎች በሕልሙ ይመጡበታል። የሚንቀረፈፈውም ለዚህ ነው፤ የሰው ልብ በአንድ ምሽት አይታረስም። በመጨረሻ መቶ ቡጢ ሊቀበል ሲቆም እጁን አያነሣም፤ ጠላት የለኝም ይላል።

ፊልሙ ስብከት አይደለም፤ ደም ስላለበትም ለታናናሾቻችሁ አይሆንም። እኔ ግን ጠላትን ስለ መውደድ በቃሌ የማውቀው ጥቅስ ስንት ቡጢ እንደሚያስከፍል ያሰብኩት ያን ጊዜ ነው። ካቆማችሁበት ቀጥሉ፤ ከዚያ እንከራከር።